«ያየሁት ሰው» እና «ጥቅም ያለው ነገር» በእንግሊዝኛ እንዴት ይጻፋሉ? ደረጃ በደረጃ

«ትናንት ያየሁት ሰው» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ ሲባል ብዙ ተማሪ «ዘ ማን ሁ አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ብሎ ይጽፋል። «ይህ መረጃ ጥቅም አለው» ሲባል ደግሞ «ዚስ ኢንፎርሜሽን ኢዝ ኢምፖርታንስ» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ግን የመጡት ከስንፍና አይደለም። ተማሪው አማርኛውን በታማኝነት ገልብጦታል፣ ችግሩም ያ ነው። «ሂም» የምትለዋ ቃል ከሜዳ አልተነሳችም። «ያየሁት» መጨረሻ ላይ ካለችው «ት» ነው የመጣችው።

ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ መንገድ በሰንጠረዥ የተሞላ ሽምደዳ አይደለም። አማርኛችሁን ጠጋ ብላችሁ ታያላችሁ፣ የግሱ ጭራ ምን እንደሚል ትሰማላችሁ፣ ከዚያ እንግሊዝኛው ምን እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ። ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለሚዘጋጅ፣ ለስኮላርሺፕ ማመልከቻ ለሚጽፍ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ለሚያቀርብ ሁሉ ይሆናል።

ሁለት ነገሮችን እንይዛለን። አንደኛው ሪሌቲቭ ክሎዝ ነው፤ ማለትም በ«ሁ»፣ በ«ዊች» እና በ«ዛት» የሚገባው ገላጭ። ሁለተኛው ጥራትን፣ ዋጋን ወይም ጠቀሜታን ለመግለጽ «ኦፍ» ላይ ስም የሚጨመርበት አነጋገር ነው። በአብዛኛው ለየብቻ ነው የምንማራቸው። እኔ ግን አብረው መታየት አለባቸው ባይ ነኝ፤ ደህና የተጻፈ እንግሊዝኛ ውስጥ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቧቸው። ከዚያ ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል መልሳችሁ ጻፏቸው። ይህን እንዳትዘሉት፤ ትልቁ ልምምድ እሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ስሙን ከመጨረሻ አንስታችሁ ፊት አድርጉት

በአማርኛ ገላጩ ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል። «ከጎንደር የመጣው ሐኪም» ስንል ሐኪሙን የምንሰማው መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠራል፣ ከዚያ ማንነቱን ያብራራል፦ «ዘ ዶክተር ሁ ኬም ፍሮም ጎንደር»።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአማርኛው ሐረግ መጨረሻ ላይ ያለውን ስም አስምሩበት። እሱን መጀመሪያ ጻፉ። ሰው ከሆነ «ሁ»፣ ነገር ከሆነ «ዊች» አስከትሉ፤ «ዛት» ለሁለቱም ይሆናል። የቀረውን ከኋላ አምጡ። «አጎቴ የገዛው መጽሐፍ» ሲገለበጥ «ዘ ቡክ ዛት ማይ አንክል ቦት» ይሆናል።

«ዋት» ግን እዚህ ቦታ የላትም። «ኤቭሪቲንግ ዋት ሂ ሴድ» አይባልም፣ «ኤቭሪቲንግ ዛት ሂ ሴድ» ነው። «ዋት» የምትገባው ከፊቷ ስም ከሌለ ብቻ ነው፦ «ዋት ሂ ሴድ ኢዝ ትሩ»።

ደረጃ 2፦ የግሱን ጭራ አንብቡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ እንበል።

የአማርኛ ግስ ጭራ ላይ ብዙ ነገር ይሸከማል። «ያየሁት» ላይ «ት»፣ «የምኖርበት» ላይ «በት»፣ «የምሠራለት» ላይ «ለት» አለ። እነዚህ ጭራዎች እንግሊዝኛ ውስጥ እኩል ዕጣ የላቸውም። አንዳንዶቹ ይጠፋሉ። አንዳንዶቹ የግድ መተርጎም አለባቸው።

«ት» እና «ው» ይጠፋሉ። «የገዛሁት መጽሐፍ» ሲመለስ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት» ብቻ ነው። «ኢት» አይጨመርም። ለምን ቢባል፣ «ዛት» ራሷ መጽሐፉን ተክታ ቆማለች። «ኢት» ከጨመራችሁ መጽሐፉን ሁለቴ ገዛችሁት ማለት ነው።

«በት» እና «ለት» ግን ብዙ ጊዜ አይጠፉም፣ መስተዋድድ ይሆናሉ። «የምኖርበት ቤት» ብዙ ጊዜ «ዘ ሃውስ ዊች አይ ሊቭ» ተብሎ ይጻፋል። «በት» የት ሄደች? መሆን ያለበት «ዘ ሃውስ ዊች አይ ሊቭ ኢን» ነው። ያቺ መጨረሻ ላይ የቀረችው «ኢን» ተማሪን ታስፈራለች፣ የተቆረጠ ዐረፍተ ነገር ትመስለዋለች። ትክክል ናት፣ ተዉአት።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። የእኛ «በት» አንድ ናት፣ የእነሱ መስተዋድድ ግን ብዙ ነው። «የተቀመጥኩበት ወንበር» ላይ «በት» «ኦን» ትሆናለች፦ «ዘ ቼር አይ ሳት ኦን»። «የጻፍኩበት እስክሪብቶ» ላይ «ዊዝ» ትሆናለች፦ «ዘ ፔን አይ ሮት ዊዝ»። «የመጣሁበት ከተማ» ላይ ደግሞ «ፍሮም»፦ «ዘ ሲቲ አይ ኬም ፍሮም»። የትኛዋ እንደምትገባ ለማወቅ ሐረጉን ወደ ተራ ዐረፍተ ነገር መልሱት። «አይ ሊቭ ኢን ዘ ሃውስ»፣ «አይ ሮት ዊዝ ዘ ፔን»። አሁን ስሙን አውጡት። የቀረችው መስተዋድድ ባለችበት ትቀመጣለች።

ይህ ፈተና ለ«ሂም»ም ይሠራል። ተራው ዐረፍተ ነገር «አይ ሶው ዘ ማን» ነው። ሰውየውን ወደ ፊት ስታወጡት «አይ ሶው» ብቻ ይቀራል። «ሂም» የሚገባበት ክፍተት የለም።

አማርኛው ዝም ብሎ እንግሊዝኛው የሚናገርበትም ጊዜ አለ። «የነገርኩህ መጽሐፍ» እንላለን፣ «ስለ» የምትባል ነገር አትታይም። እንግሊዝኛው ግን «ዘ ቡክ አይ ቶልድ ዩ አባውት» ይላል። «አባውት» ካልገባች መጽሐፉን ራሱን ለሰውዬው የተረካችሁለት ይመስላል። ተራውን ዐረፍተ ነገር ከሠራችሁ ግን ትገኛለች፦ «አይ ቶልድ ዩ አባውት ዘ ቡክ»።

ጽሑፉ የደንብ ልብስ የሚፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲ ወረቀት ወይም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ መስተዋድዷን ወደ ፊት ማምጣት ይቻላል፦ «ዘ ሃውስ ኢን ዊች አይ ሊቭ»። ከመስተዋድድ ቀጥሎ ግን «ዛት» አትገባም። ለሰው ደግሞ «ሁ» ሳይሆን «ሁም» ነው፦ «ዘ ፐርሰን ቱ ሁም አይ ሮት»። ለቦታ «ዌር» ከተጠቀማችሁ «ኢን» አያስፈልግም፦ «ዘ ሃውስ ዌር አይ ሊቭ»። ሁለቱን አታደራርቡ።

ሌላዋ ጭራ ስሙ ላይ ያለችው ናት። «እናቱ ነርስ የሆነችው ልጅ» ስንል ባለቤትነቱን የያዘችው «እናቱ» ላይ ያለችው መጨረሻ ናት። እሷ በእንግሊዝኛ «ሁዝ» ትሆናለች፦ «ዘ ቦይ ሁዝ ማዘር ኢዝ ኤ ነርስ»። «ሁዝ ሂዝ ማዘር» ብሎ መድገም የለም። «ሁዝ» ለሰው ብቻ ናት የሚሉ አሉ። አይደለም። «ጣሪያው የሚያፈስ ቤት» «ኤ ሃውስ ሁዝ ሩፍ ሊክስ» ይባላል፣ ምንም ነውር የለውም።

ደረጃ 3፦ መጣል የሚቻለውን እወቁ

ከላይ አንዳንድ ቦታ «ዛት»ን ሳልጽፍ እንዳለፍኩ አይታችኋል። ደንቡ አጭር ነው። ከ«ሁ»፣ «ዊች» ወይም «ዛት» ቀጥሎ ሌላ ባለቤት ከመጣ (አይ፣ ሺ፣ ማይ ፋዘር) መጣል ይቻላል፤ ከፊቷ ኮማ ወይም መስተዋድድ ካለ ግን አትጣልም። ቀጥታ ግስ ከመጣ አይቻልም። «ዘ ማን ሊቭስ ኔክስት ዶር ኢዝ ኤ ዶክተር» የተሰበረ ነው፤ «ሁ» መግባት አለባት።

ደረጃ 4፦ ኮማዋ ትርጉም ትቀይራለች

በአማርኛ «አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ደወለ» ብለን ከጻፍን ወንድም አንድ ይሁን ሦስት አንባቢው ከጽሑፉ አያውቅም። እንግሊዝኛ ግን በኮማ ይለያል።

«ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን አሜሪካ» ያለ ኮማ ከተጻፈ፣ ሌሎች ወንድሞች አሉ፣ የምናወራው ስለ አሜሪካው ነው ማለት ነው። «ማይ ብራዘር፣ ሁ ሊቭስ ኢን አሜሪካ፣» በሁለት ኮማ ከታጠረ ደግሞ ወንድሙ አንድ ነው፣ መኖሪያው ተጨማሪ መረጃ ነው። የቪዛ ማመልከቻ ወይም የቤተሰብ ጉዳይ ደብዳቤ ስትጽፉ ይህን ልብ በሉ። አንድ ኮማ የቤተሰብ ቁጥር ሊያዛባ ይችላል። በእነዚህ ኮማዎች መካከል «ዛት» አትገባም፣ «ሁ» ወይም «ዊች» ብቻ ናቸው።

ኮማ ያላት «ዊች» ሌላም ትልቅ አገልግሎት አላት። የእኛ ሪፖርቶች «ይህም» በሚል ቃል የተሞሉ ናቸው። «ፈተናውን አለፈ፤ ይህም እናቱን አስደሰታት» እንላለን። ይህ «ይህም» ቁርጥ «ዊች» ነው፦ «ሂ ፓስድ ዘ ኤግዛም፣ ዊች ሜድ ሂዝ ማዘር ሃፒ»። «ኤንድ ዚስ» ብሎ መቀጠል ስህተት አይደለም፣ ግን «ዊች» ዐረፍተ ነገሩን ትሰፋዋለች።

«ከእነሱም» ለሚለውም መልስ አለ። «ኢትዮጵያ ብዙ ሐይቆች አሏት፤ ከእነሱም ትልቁ ጣና ነው» ሲመለስ «ኢትዮፒያ ሃዝ ሜኒ ሌክስ፣ ዘ ላርጀስት ኦፍ ዊች ኢዝ ሌክ ታና» ይሆናል። ለሰዎች «ሰም ኦፍ ሁም»፣ «ቱ ኦፍ ሁም» ይባላል። «ሰም ኦፍ ዜም» ካላችሁ ግን ኮማ አይበቃም፣ አዲስ ዐረፍተ ነገር መጀመር ይኖርባችኋል።

ደረጃ 5፦ «አለው» የሚለው «ኢዝ ኦፍ» ሲሆን

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ። እኛ «ጥቅም አለው»፣ «ዋጋ አለው»፣ «ፋይዳ የለውም» እንላለን። ነገሩ ጥቅምን እንደ ንብረት ይይዛል። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ «ነው» የሚለውን ግስ ይመርጥና ከስሙ በፊት «ኦፍ» ያስገባል፦ «ኢት ኢዝ ኦፍ ኢምፖርታንስ»፣ «ኢት ኢዝ ኦፍ ቫልዩ»። ያቺ «ኦፍ» ስትጠፋ ነው «ኢት ኢዝ ኢምፖርታንስ» የሚባለው ስህተት የሚወለደው፤ ነገሩ ራሱ ጥቅም ሆኖ ቁጭ ይላል።

«ኦፍ» እና ስሙ አንድ ላይ እንደ ቅጽል ይሠራሉ። «ኦፍ ኢምፖርታንስ» ማለት «ኢምፖርታንት» ነው። «ኦፍ ቫልዩ» «ቫልዩብል»፣ «ኦፍ ሄልፕ» «ሄልፕፉል»፣ «ኦፍ ኢንተረስት» «ኢንተረስቲንግ»፣ «ኦፍ ቤኔፊት» «ቤኔፊሻል» ማለት ነው። «ኦፍ ዩስ» ደግሞ «ዩስፉል» ነው። እዚህ ላይ ስሙ «ዩስ» ተብሎ በ«ስ» ይነበባል፣ ግሱ ግን «ዩዝ» ነው። አጻጻፋቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ «ቬሪ» እዚህ አትሠራም። «ኦፍ ቬሪ ኢምፖርታንስ» አይባልም። ቅጽሉ ስም ሲሆን «ቬሪ»ም «ግሬት» ትሆናለች፦ «ቬሪ ኢምፖርታንት» ወደ «ኦፍ ግሬት ኢምፖርታንስ» ይቀየራል። «ኖት»ም «ኖ» ትሆናለች፦ «ኦፍ ኖ ኢምፖርታንስ»። በመካከል ደረጃ ደረጃ አለ። «እምብዛም አይጠቅምም» «ኦፍ ሊትል ዩስ» ነው። «ሊትል» ብቻዋን አሉታ ስላለባት «ኖት» አትጨምሩባት። «የተወሰነ ጥቅም አለው» «ኦፍ ሰም ዩስ»፣ «እጅግ ወሳኝ ነው» ደግሞ «ኦፍ ቫይታል ኢምፖርታንስ» ይባላል።

ሁለተኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ አርቲክል፣ ማለትም «ኤ»፣ «አን» ወይም «ዘ»፣ የለም። «ኦፍ ኤ ግሬት ኢምፖርታንስ» አትበሉ። ሁለት በደንብ የተለመዱ የተለዩ አሉ፦ «ኦፍ ዘ አትሞስት ኢምፖርታንስ» እና «ኦፍ ኤ ሃይ ስታንዳርድ»። እነሱን እንዳሉ ያዟቸው።

ሦስተኛ፣ የእኛ «ለ» እዚህ «ቱ» ናት። «ለገበሬዎች ትልቅ ጥቅም አለው» ስንል እጃችን ወደ «ፎር» ይሄዳል። የተለመደው ግን «ኢት ኢዝ ኦፍ ግሬት ቤኔፊት ቱ ፋርመርስ» ነው። «ኦፍ ኢንተረስት ቱ»፣ «ኦፍ ዩስ ቱ»፣ «ኦፍ ቫልዩ ቱ» እያላችሁ ከነመስተዋድዱ አንድ ላይ ያዙት።

«ኦፍ» ያለበት ሁሉ ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። «ኦፍ ኮርስ» እርግጥ ነው ማለት ነው። «ኦፍ ኔሰሲቲ» ደግሞ አስፈላጊ ማለት ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን የግድ ነው።

በንግግር ውስጥ ይህ አነጋገር በብዛት የሚሰማው አገልግሎት በሚሰጥበት ቦታ ነው። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የሚሠራ ሰው፣ አዲስ አበባ ይሁን ዱባይ፣ «ካን አይ ቢ ኦፍ ሄልፕ?» ቢል ትሁትና ሙሉ አነጋገር ነው። ጠንከር ሲል «ካን አይ ቢ ኦፍ አሲስታንስ?» ይባላል።

ለሰው ባሕርይም ያገለግላል፣ እዚህ ጋ አማርኛችን በጣም ይቀርበዋል። «የቁም ነገር ሰው» እንላለን አይደል? እንግሊዝኛው «ኤ ማን ኦፍ ሰብስታንስ» ይላል። ቃሉን የሚጠብቅ «ኤ ማን ኦፍ ሂዝ ወርድ» ነው፣ ሴት ከሆነች «ኤ ዉማን ኦፍ ኸር ወርድ»። ወሬ የማታበዛ ሴት «ኤ ዉማን ኦፍ ፊው ወርድስ»፣ ባለጸጋ ሰው «ኤ ማን ኦፍ ሚንስ» ይባላል። ይህ ማለት ግን «የ» ባየን ቁጥር «ኦፍ» እንጽፋለን ማለት አይደለም። «የእንጨት ወንበር» «ኤ ዉደን ቼር» ነው። «ኦፍ» የምትመጣው ጥራት ወይም ባሕርይ ሲገለጽ ነው።

ደረጃ 6፦ ሁለቱን አገናኙ

እስካሁን ያየነውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የሚያሳይ እውነተኛ ጽሑፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ዩኔስኮ ያጸደቀው የዓለም ቅርስ ስምምነት ነው። ላሊበላና ሰሜን ተራሮች በ1978 መጀመሪያ ከተመዘገቡት ቅርሶች መካከል የገቡት በዚህ ስምምነት ነው፤ አክሱም በ1980፣ ሐረር ጁገል በ2006፣ ኮንሶ በ2011 ተከትለዋል። ስምምነቱ ቅርስ የሚባለው ምን እንደሆነ ሲተረጉም አንድ ሐረግ ይደጋግማል፦ «ዊች አር ኦፍ አውትስታንዲንግ ዩኒቨርሳል ቫልዩ»። በእኛ ቋንቋ «ልዩና ለዓለም ሁሉ የሚተርፍ ዋጋ ያላቸው» እንደማለት ነው።

ቀረብ ብለን እንየው። «ዊች» አለች፣ ምክንያቱም የሚያወራው ስለ ሕንፃና ስለ ሐውልት ነው። «አር» አለች፣ ስሞቹ ብዙ ስለሆኑ። አንድ ቢሆን «ኢዝ» ትሆን ነበር። «ያላቸው» የሚለው «ሃቭ» ሳይሆን «አር ኦፍ» ሆኗል። «ኤ»ም «ዘ»ም የለም። «ቬሪ»ም የለም፤ በእሷ ፋንታ «አውትስታንዲንግ» የሚል ቅጽል ገብቷል።

በጣም የምወደው ግን ሁለተኛው አንቀጽ ነው። ስለ ተፈጥሮ ቅርስ ሲናገር አንድ ቦታ «ዊች አር ኦፍ አውትስታንዲንግ ዩኒቨርሳል ቫልዩ» ይላል። ትንሽ ወረድ ብሎ ስለ ተፈጥሮ ቦታዎች ሲያወራ «ዊች አር»ን ጥሎ «ኦፍ አውትስታንዲንግ ዩኒቨርሳል ቫልዩ» ብቻ ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ትርጉሙም አልተለወጠም።

ደንቡ ይኸው ነው። ከ«ኦፍ» በፊት ያለችው «ዊች ኢዝ» ወይም «ሁ ዋዝ» ልትወድቅ ትችላለች። ግን ሁለቱ አብረው ይወድቃሉ፣ ወይም አብረው ይቆያሉ። «ኤ ዲስከቨሪ ዊች ዋዝ ኦፍ ግሬት ኢምፖርታንስ» ይቻላል። «ኤ ዲስከቨሪ ኦፍ ግሬት ኢምፖርታንስ» ይቻላል። «ኤ ዲስከቨሪ ዊች ኦፍ ግሬት ኢምፖርታንስ» ግን ግስ የለውም፣ ወደቀ። ሐረጉ ከስሙ በፊት ሊገባም አይችልም። «አን ኦፍ ኢምፖርታንስ ማተር» የሚል እንግሊዝኛ የለም።

አሁን ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንሥራ። «በ1974 ሐዳር የተገኘችው ሉሲ ለሳይንስ ትልቅ ፋይዳ አላት።» ሉሲ አንድ ናት፣ ስለዚህ ኮማ። «የተገኘችው» «ዊች ዋዝ ፋውንድ» ነው። «ትልቅ ፋይዳ አላት» «ኢዝ ኦፍ ግሬት ኢምፖርታንስ»፣ «ለሳይንስ» «ቱ ሳይንስ»። ሲገጣጠም፦ «ሉሲ፣ ዊች ዋዝ ፋውንድ አት ሃዳር ኢን 1974፣ ኢዝ ኦፍ ግሬት ኢምፖርታንስ ቱ ሳይንስ»። ለሰው ደግሞ፦ «አበበ ቢቂላ፣ ሁ ዎን ዘ ኦሊምፒክ ማራቶን ኢን ሮም ኢን 1960፣ ዋዝ ኤ ራነር ኦፍ ግሬት ከረጅ»።

አንድ ምክር አለኝ። ይህን አነጋገር ስትለምዱት ደጋግማችሁ መጠቀም ያምራችኋል። አታድርጉት። አንድ አንቀጽ ውስጥ አንዴ ከገባ ይበቃል። ሁሉ ነገር «ኦፍ ግሬት ኢምፖርታንስ» ከሆነ የማመልከቻ ደብዳቤያችሁ የመንግሥት መግለጫ ይመስላል። ከጓደኛ ጋር ስታወሩ ደግሞ «ቬሪ ኢምፖርታንት» በቂና የተሻለ ነው።

ደረጃ 7፦ ሞክሩት

እነዚህን አምስት ሐረጎች መጀመሪያ ራሳችሁ መልሱ፣ መልሱን ከዚያ እዩ። «የሰጠኸኝ ምክር በጣም ጠቅሞኛል።» «እህቴ የምትሠራበት ሆስፒታል።» «ለገበሬ ምንም የማይጠቅም እቅድ።» «ልጆቿ ውጭ አገር የሚኖሩ እናት።» «የደወልኩለት ሰው አላነሳም።»

የመጀመሪያው «ዘ አድቫይስ ዩ ጌቭ ሚ ዋዝ ኦፍ ግሬት ሄልፕ ቱ ሚ» ነው። «አድቫይስ» ላይ የብዙ ቁጥር «ስ» አትጨምሩ። ሁለተኛው «ዘ ሆስፒታል ዌር ማይ ሲስተር ወርክስ»፤ በ«ዊች» ከሄዳችሁ «አት» ያስፈልጋችኋል። ሦስተኛው «ኤ ፕላን ኦፍ ኖ ዩስ ቱ ፋርመርስ»፣ ወይም በረዥሙ «ኤ ፕላን ዊች ኢዝ ኦፍ ኖ ዩስ ቱ ፋርመርስ»። አራተኛው «ኤ ማዘር ሁዝ ቺልድረን ሊቭ አብሮድ»፤ «አብሮድ» «ኢን» አትፈልግም።

አምስተኛው ሆን ብዬ ያስገባሁት ነው። «የደወልኩለት» ላይ «ለት» ስላለች «ፎር» ወይም «ቱ» ፍለጋ ትሄዱ ይሆናል። ተራውን ዐረፍተ ነገር ሥሩ፦ «አይ ኮልድ ዘ ማን»። «ኮል» መስተዋድድ አይፈልግም። ስለዚህ «ለት» ይህን ጊዜ ትጠፋለች፣ መልሱም «ዘ ማን አይ ኮልድ ዲድ ኖት አንሰር» ነው።